ሙሽራና ሚዜ በኳስ ተኳረፉ

ባለፈው ሳምንት ስለ ቅናት የፃፍኩትን ተከትለው የመጡት ደብዳቤዎች ገና ተነበው አላለቁም። እነሱ ለጊዜው ይቆዩ። ለዛሬ የመረጥኩት ከሩቅ የመጣ ነው፤ ከአውስትራሊያ፣ ከሜልበርን ከተማ። ፀሐፊዋ አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች ወጣት ናት። ስምና አድራሻ አይወጣም። በራሷ ፈቃድ አንዳንድ ነገር ለውጫለሁ፤ ሙያውም ሆነ ዘመኑ እዚህ እንደተፃፈው አይደለም። ደብዳቤው ረጅም ስለሆነ አሳጥሬ ላቅርበው።

«ወንድሜ፣ ጉዳዬን ስነግርህ እንዳትስቅብኝ። ሰርጌ ስድስት ሳምንት ቀርቶታል። እጮኛዬ እዚህ አገር የመጣው በሰባት ዓመቱ ከእናቱ ጋር ነው። ያደገው ፉትስክሬይ በሚባለው ሰፈር ነው። አንደኛ ሚዜ የሚሆነው ልጅም የጎረቤት ልጅ ነው፤ እናቶቻቸው ቡና እየተጠራሩ፣ እነሱ ከአንድ ሳህን እየበሉ ነው ያደጉት። ሁለቱም የሰፈሩ ቡድን የቡልዶግስ ደጋፊ ናቸው። ደጋፊ ስልህ ዝም ብሎ ደጋፊ እንዳይመስልህ። ቡድኑ በመጨረሻ ደቂቃ የተሸነፈ ዕለት እጮኛዬ እስከ ማክሰኞ ድረስ በቅጡ አያናግረኝም።

ከሦስት ሳምንት በፊት ቅዳሜ ማታ ጓደኛቸው ቤት ተሰብስበን ሳለ የድሮ ጨዋታ እያነሱ ይከራከሩ ጀመር። ቡድኑ ሲመራ ቆይቶ ለምን መጨረሻ ላይ ይበላሻል ነው ነገሩ። እጮኛዬ ደክሟቸው ነው አለ። ሚዜው ደግሞ ፈሪዎች ናቸው፣ ሊያሸንፉ ሲሉ እጃቸው ይንቀጠቀጣል አለ። ክርክሩ ጦፈ። በመጨረሻ ሚዜው ምን ቢለው ጥሩ ነው? ‹አንተም እኮ እንደነሱ ነህ፤ ልትጨርስ ስትል ትለቃለህ።› ቤቱ ፀጥ አለ። እጮኛዬ ጃኬቱን አንስቶ ወጣ። ከዚያን ቀን ወዲህ አይደዋወሉም።

እጮኛዬ የኤሌክትሪክ ሙያ ሲማር የአራት ዓመቱን ሥልጠና ሦስቱን ጨርሶ ነው ያቋረጠው። ያን ጊዜ እናቱ ታማ ነበር፤ ሐኪም ቤት የሚያመላልሳት እሱ ብቻ ነው። ለእናቱ ግን ‹ሙያውን ስላልወደድኩት ነው› አላት። ለሚዜውም እንደዚያው። እውነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። አሁን ምን ላድርግ? ለሚዜው ደውዬ ሁሉንም ልንገረው? ወይስ የአጎቴን ልጅ ሚዜ እናድርገው? ቢያንስ ስለ ኳሱ እንኳ ማን ትክክል እንደሆነ ንገረኝ፤ እኔ እንደሆንኩ እስከ ዛሬ ሕጉም አልገባኝም።»

እህቴ፣ አልሳቅሁም። ኳስ ያኳረፈውን ስንቱን ጓደኛማች እዚሁ ሰፈሬ አውቃለሁ መሰለሽ! አርሰናል የተሸነፈ ዕለት ምሳ የማይበላ፣ ማንችስተርን የሰደበበትን የሥራ ባልደረባውን ሰላም የማይል ሞልቷል። ልዩነቱ የእናንተዎቹ ቢያንስ ሜዳው እግር መንገዳቸው ላይ ያለን ቡድን ነው የሚደግፉት።

ከኳሱ ልጀምር፤ እሱ ይቀላል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ በስልኬ የድሮ ጨዋታ ሳይ ከረምኩ። የሰፈር ልጆች በትከሻዬ በኩል እያዩ «ይሄ ኳስ ነው ድብድብ?» እያሉ ሲስቁብኝ ነበር። በኋላ ላይ ግን እነሱም ተቀምጠው ማየት ጀመሩ።

ለማያውቁት አንባቢያን ባጭሩ ልንገራችሁ። ሜዳው የእንቁላል ቅርፅ አለው። በየወገኑ 18 ሰው ይሰለፋል። ኳሱም ሞላላ ስለሆነ መሬት ሲነካ ወዴት እንደሚነጥር ከፈጣሪ በቀር የሚያውቅ የለም። መረብ የሚባል ነገር የለም፤ በየጫፉ አራት ቋሚ ተተክሏል። በእግር የተመታ ኳስ ማንም ሳይነካው በመሃለኞቹ ሁለት ቋሚዎች መካከል ካለፈ 6 ነጥብ ነው። በጎን ባሉት በኩል ካለፈ ወይም የመሃሉን ቋሚ ከነካ 1 ነጥብ ብቻ። ቢያንስ 15 ሜትር የተጓዘን ምት አየር ላይ የቀለበ ሰው፣ ማንም ሳይደርስበት ተረጋግቶ የመምታት መብት አለው። ጨዋታው አራት ሩብ ነው። እያንዳንዱ ሩብ 20 ደቂቃ ይባላል እንጂ የባከነው ጊዜ ሲጨመርበት ወደ 30 ይጠጋል። ማብቂያው በሳይረን ነው። ሳይረኑ ከመጮሁ በፊት ኳስ የቀለበ ሰው ከጮኸ በኋላም ይመታል፤ ስለዚህ አንድ ሰው ብቻውን፣ ሕዝብ ሁሉ እያየው፣ ጊዜ ባለቀበት ሜዳ ላይ ቆሞ የጨዋታውን ውጤት የሚወስንበት ቀን አለ። እኔ ብሆን እግሬ አይታዘዘኝም።

የእጮኛሽ ቡድን ደግሞ ታሪኩ ያሳዝናል። ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው። ድሮ ስሙ ራሱ ፉትስክሬይ ነበር፤ ከ1997 የውድድር ዘመን ጀምሮ ነው ዌስተርን ቡልዶግስ የተባለው። የሠራተኛ ሰፈር ቡድን ነው። በ1989 ገንዘብ አጥቶ ከሌላ ቡድን ጋር ተቀላቅሎ ሊጠፋ ሲል ደጋፊው ሳንቲም አዋጥቶ አተረፈው። ዋንጫ የወሰደው በ1954 አንዴ፣ ከዚያ 62 ዓመት ጠብቆ በ2016 ነው። በቃ፣ ሁለት። ዛሬ ኒኮልሰን በሚባለው የፉትስክሬይ ጎዳና ስትሄዱ የሐበሻ ምግብ ቤትና ቡና ስለማይጠፋ፣ እዚያ ያደገ የኛ ልጅ የቡልዶግስ ቲፎዞ ቢሆን አይገርምም።

አሁን ወደ ክርክሩ። ሚዜው «ፈሪዎች ናቸው» ሲል ያለ ማስረጃ አይደለም። በ2021 የዋንጫ ጨዋታ፣ በኮሮና ምክንያት ከሜልበርን ርቆ ፐርዝ ላይ በተደረገው፣ ቡልዶግስ በሦስተኛው ሩብ 19 ነጥብ ይመራ ነበር። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሜልበርን የሚባለው ቡድን 100 ነጥብ ሲያገባ ቡልዶግስ ያገባው 7 ብቻ ነው። ልብ በሉ፣ መቶ ለሰባት! መጨረሻው 140 ለ66 ሆነ። በዓመቱ፣ በ2022፣ እዚያው ፐርዝ፣ እዚያው ስታዲየም፣ የተሸነፈ በሚወድቅበት ጨዋታ ፍሪማንትልን በ41 ነጥብ እየመሩ ቆይተው 73 ለ60 ተሸነፉ። እንግዲህ ይህን ያየ ደጋፊ «ሲመሩ ይፈራሉ» ቢል ምን ይፈረድበታል?

እጮኛሽ ግን የያዘው ነገር አለ። እኛ በምናውቀው ኳስ ጎል የገባበት ቡድን ኳሱን ከመሃል እሱ ይጀምራል፤ ትንሽ ይተነፍሳል። በዚያኛው ግን እንዲህ አይደለም። ጎል በገባ ቁጥር ኳሱ ወደ መሃል ተመልሶ ዳኛው ወደ ላይ ይልከዋል፤ ሁለቱ ረጃጅሞች ዘለው ይሻሙታል። ያገባው ቡድን መልሶ ሊያገኘው ይችላል። መሃል ሜዳው ላይ የተበለጠ ቡድን ኳስ ሳይነካ ሁለት ሦስት ጎል ሊገባበት ይችላል ማለት ነው። በዚያ ላይ ድካሙን ጨምሩበት፤ ብዙዎቹ በአንድ ጨዋታ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣሉ፣ እየተጋፉና እየተጣሉ። በአራተኛው ሩብ እግር ሲዝል ጭንቅላትም አብሮ ይዝላል። በአጭር ለጓደኛው ማቀበል ሲችል ጭፍን ብሎ አርቆ ይለጋዋል፣ ኳሱ ተመልሶ ይመጣበታል። ከውጭ ለሚያየው ፍርሃት ይመስላል።

ደግሞስ ፈሪ ቡድን በ2016 ያን ዋንጫ እንዴት ወሰደ? በመደበኛው ውድድር 7ኛ ሆኖ ነው የጨረሰው። ከዚያ በፊት ከ7ኛ ተነስቶ ዋንጫ የበላ አልነበረም። ሲድኒ ድረስ ሄደው ግማሽ ፍፃሜውን በ6 ነጥብ፣ በአንዲት ጎል ልዩነት አሸነፉ። ፍፃሜውን 89 ለ67። አሰልጣኙ የተሸለመውን ሜዳልያ በጉዳት ላልተሰለፈው አምበል አንገት ላይ ሲያጠልቅለት የታየውን ሁለቱም ልጆች አይተው ማልቀሳቸው አይቀርም።

ሦስተኛ ወገን አለ፤ ደብዳቤሽ ውስጥ ባይጠቀስም እንዳለ እወራረዳለሁ፣ በሁሉም አገር አለና። ይኸኛው ሁሉንም በዳኛ የሚያሳብበው ነው። የፉትስክሬይ ሽማግሌዎች እስከ ዛሬ የማይረሱት የ1997 ግማሽ ፍፃሜ ነው። ቡልዶግስ ሊጠናቀቅ አንድ ሩብ ሲቀረው አደላይድን በ22 ነጥብ ይመራ ነበር። በመጨረሻው ሩብ የቡልዶግሱ ተጫዋች ኳሱን ለግቶ ጎል ነው ብሎ ሲጨፍር፣ ዳኛው አንድ ጣት አወጣ። አንድ ነጥብ። ጨዋታው 93 ለ91 በአደላይድ አሸናፊነት አለቀ፤ አደላይድም ዋንጫውን ወሰደ። «ስድስት ቢሰጠን ኖሮ እኮ...» ሲባል ይኸው ስንት ዓመቱ! ሂሳቡ ግን እንደዚያ አይሠራም። ጎል ቢባል ኳሱ ወደ መሃል ይመለስ ነበር፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ሌላ ጨዋታ ይሆን ነበር። ደግሞ የሚገርመው ቡልዶግስ በዚያ ቀን 13 ጎል፣ አደላይድ 12 ጎል ነው ያገባው። አደላይድ 21 ጊዜ በጎን ስቶ፣ በእነዚያ አንድ አንድ ነጥቦች ነው ያሸነፈው። ጎል በዝቶ መሸነፍ! ይህንን ለሰፈሬ ልጆች ሳስረዳ አንዱ «ይሄማ የቀበሌ ሂሳብ ነው» አለኝ።

ዳኛም አንዳንዴ በእርግጥ ይሳሳታል። በ2006 ታዝማኒያ ውስጥ ፍሪማንትል ሴንት ኪልዳን በ1 ነጥብ እየመራ ሳይረኑ ጮኸ፣ ዳኞቹ ግን አልሰሙም። ጨዋታው ቀጠለና ሴንት ኪልዳ አቻ ሆነ። ከቀናት በኋላ የውድድሩ ባለሥልጣናት ተሰብስበው ድሉን ለፍሪማንትል መለሱለት። እንዲህ ያለው ግን በብዙ ዘመን አንዴ የሚያጋጥም ነው። በየሳምንቱ ዳኛ የሚከስ ቲፎዞ ቡድኑን ማየት ያቆመ ቲፎዞ ነው።

እንግዲህ ፍርድ ከተባለ፣ በኳሱ ነገር እኔ ወደ እጮኛሽ አደላለሁ። ሚዜው «ቡድኑ መሪነት መያዝ አይችልም» ቢል ኖሮ ከእሱ ጋር እስማማ ነበር፤ ቁጥሩም ይናገራል። እሱ ግን የሜዳውን ነገር ትቶ የሰዎቹን ልብ መመርመር ውስጥ ገባ። ፈሪ ናቸው አለ። በምን አየው? ከሦስት መቶ ሜትር ርቀት፣ ቢራ ይዞ፣ የሌላ ሰው ልብ አይታይም።

አንድ ሌላ ጨዋታ ልጨምር፤ ከሁሉም ያልወጣልኝ እሱ ነውና። በ1999 ግማሽ ፍፃሜ ኤሰንደን የሚባለው የዓመቱ ኃይለኛ ቡድን በካርልተን 104 ለ103 ተሸነፈ። በአንድ ነጥብ። መጨረሻዎቹ ሰከንዶች ላይ አንድ የኤሰንደን ተጫዋች ኳስ ይዞ ሰው አታልሎ ሊያልፍ ሲል ተያዘና ነገሩ አለቀ። ዛሬም ድረስ ያ ጨዋታ ሲነሳ የሚነሳው ያ ሰው ነው። ኤሰንደን በዚያን ቀን 19 ጊዜ በጎን መሳቱን የሚያነሳ ግን ጥቂት ነው። አሥራ ዘጠኙም ሳቾች ቤታቸው ገብተው እራታቸውን በሉ፤ ዕዳው በአንዱ ላይ ቀረ። በዓመቱ ያው ቡድን 25 ጨዋታ አድርጎ አንዱን ብቻ ተሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። (ያቺን አንዷን ማን እንዳሸነፈው ለእጮኛሽ ጠይቂው፤ ፈገግ ይልልሻል። ቡልዶግስ ነው።)

አየሽ እህቴ፣ ሚዜው እጮኛሽን ያደረገው ልክ ይህንን ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ሥራ የሄደውን ልጅ ረስቶ፣ አራተኛው ዓመት ላይ የቆመውን ብቻ አነሳ። እሱ የተናገረው ስለ ኳስ መስሎት ነው፤ እጮኛሽ የሰማው ስለ እናቱ ነው። ያን ሌሊት ጃኬት ያስነሳው የፍሪማንትል ጨዋታ አይደለም።

ሚዜውን ግን ለመኮነን አልቸኩልም። ምን ያውቃል? «ሙያውን አልወደድኩትም» ተባለ፣ አመነ። ከልጅነት ጀምሮ አብሮት የበላ ጓደኛው እንዲህ ያለ ነገር ሲደብቀው፣ ምናልባት ውስጥ ውስጡን ሲያንገበግበው ኖሮ ይሆናል። «ሦስት ዓመት ለፍቶ እንዴት ይተወዋል?» እያለ። ብዙ ጊዜ በቀልድና በኳስ ተጠቅልሎ የሚወጣ ስድብ ለረጅም ጊዜ ሳይጠየቅ የቆየ ጥያቄ ነው። እኛ ወንዶች ደግሞ ይኼ በሽታችን ነው፤ «ለምን ተውከው?» ብለን ቁጭ ብለን ከምንጠይቅ፣ ሰው ፊት መውጋት ይቀለናል።

ስለዚህ ለጥያቄዎችሽ። ለሚዜው እንዳትደውዪ። በፍፁም። ምስጢሩ ያንቺ አይደለም። ነገ ሰርግሽ ነው፣ እጮኛሽ «ለሌላ ሰው አልናገርም» ብሎ አምኖሽ የነገረሽን ለእርቅ ብለሽ እንኳ ብታወጪው፣ ሚዜውን ታስታርቂና አንቺ ትጣያለሽ። የአጎትሽን ልጅ ነገርም ተዪው። ልጁ ምን በወጣው በሰው ወንበር ይቀመጣል? የሰርጉ ፎቶ ግድግዳ ላይ የሚኖር ነገር ነው፤ እጮኛሽ በየቀኑ ያ ፎቶ ላይ የሌለውን ሰው ሊያይ ነው።

ያንቺ ሥራ ከእጮኛሽ ጋር ነው። አንድ ቀን፣ ጨዋታ በሌለበት ቀን፣ «ያቺ ቃል ለምን እንዳመመችህ እሱ አያውቅም፤ የሚያውቀው አንተ ስትነግረው ነው» በዪው። ሌላ ንግግር አታብዢ። «ይቅር በለው» አትበዪው፤ ያን ሲሰማ የሚዜው ጠበቃ የሆንሽ ይመስለዋል። «ኳስ ብቻ እኮ ነው» ደግሞ ጭራሽ እንዳትዪ። እንዲህ ያለ ቃል ቲፎዞን እንዴት እንደሚያናድድ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሲገናኙም ቦታው ይታሰብበት። የኛ ሰው እርቅ ሲባል ወዲያው ቡና አፍልቶ እናት ቤት መጥራት ይወዳል። የእናንተ ጉዳይ ግን እዚያ አይሆንም! እናቱ በሰሙበት «ያቋረጥኩት እማን ለማመላለስ ነው» ሊል ነው? ይህን ሁሉ ዓመት የደበቀው እሳቸው «በኔ ምክንያት» እንዳይሉ አይደል እንዴ? ሌሎቹ ጓደኞችም ባይኖሩ ይሻላል፤ ሰው ሲከበብ ወደ ክርክሩ ይመለሳል። ሁለቱ ብቻ ይሁኑ። አብረው በእግር ይሂዱ፣ ልጅ ሆነው ኳስ ሲያዩበት በነበረው ሜዳ ዙሪያ ቢሆን ደግሞ ጥሩ ነው፤ ወንዶች ጎን ለጎን ሲሄዱ ፊት ለፊት ከመቀመጥ ይሻላቸዋል፣ ዓይን ለዓይን ስለማይተያዩ ይመስለኛል።

ሚዜው ከሰማ በኋላ የሚለውን አላውቅም። ደንግጦ ዝም ሊል ይችላል። «ለምን አልነገርከኝም?» ብሎ በተራው ሊቆጣም ይችላል፤ ያን ጊዜ እጮኛሽ መልስ ያስፈልገዋል፣ አስቦበት ይሂድ። ሙያውን መቀጠል ይፈልግ እንደሆነም አንቺ ራስሽ ጠይቂው። እናቱ ድነዋል ካልሽ፣ የቀረው አንድ ዓመት ነው። ሚዜው ያንን ቃል ስለተናገረ ብቻ እልህ ይዞት «አልመለስም» እንዳይል እፈራለሁ፤ ወይም በተቃራኒው ለእሱ ለማሳየት ብሎ የማይፈልገውን እንዳይጀምር።

በሉ ልጨርስ። አንድ ነገር ግን ከደብዳቤሽ ግርጌ አይቼ ሳላነሳው አላልፍም። ሰርጋችሁ በመስከረም መጨረሻ ቅዳሜ ነው ብለሻል፣ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር ማለትሽ ነው። ያ ቀን እኮ በሜልበርን የዋንጫ ፍፃሜ ቀን ነው! ዋዜማው ዓርብ ራሱ የሥራ በዓል ሆኖ ይዘጋል። ለመሆኑ ቀኑን ማን መረጠው? አንቺ ከሆንሽ ሕጉን ስላልገባሽ ነው፣ ይቅር ይባልሻል። እጮኛሽ ከሆነ ግን በዓመቱ መጀመሪያ ላይ «ቡድናችን ፍፃሜ አይደርስም» ብሎ ቀኑን ቆርጧል ማለት ነውና፣ ስለ ፍርሃት ለሚዜው የተከራከረው ነገር ትንሽ ያጠራጥራል። አዳራሹ ካልተከፈለበት ወደ እሁድ አዙሩት። ከተከፈለበት ደግሞ ሚዜው ስልኩን በኪሱ እንዳይዝ አስቀድመሽ ንገሪው።